ፊትና ነጠላ

የአባቶቻቸውን ዜኒት ካሜራ ከቁም ሣጥን አውጥተው ፊልም ፍለጋ የሚንከራተቱ ልጆች በዝተዋል። ጥቂቶቹ ሰው እየጠቆማቸው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። «እትዬ፣ መቼም ለጥቁርና ነጭ ፎቶ ፊልም አይሻልም?» ይሉኛል። ጥያቄ ይምሰል እንጂ የሚፈልጉት ምርቃት ነው፤ ዕድሜዋን በጨለማ ክፍል የፈጀች ሴትዮ «እውነት ነው ልጆቼ፣ የድሮው ይበልጣል» ብላ እንድትሸኛቸው። እኔ ደግሞ «ዲጂታሉን ያዙ፤ ፊልሙን ተዉት» እላቸዋለሁ። ቡናውን እንኳ በወጉ ሳይጨርሱ ቅር ብሏቸው ይሄዳሉ። ጋዜጣ ላይ ግን ተነስቶ የሚሄድብኝ ስለሌለ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልናገር።

ሙያዬ ሪታች ነበር። በ1970ዎቹ ፒያሳ አካባቢ ከነበሩት ፎቶ ቤቶች በአንዱ፣ ባለቤቱ ከፊት ያነሳል፣ እኔ ከጓዳ ኔጋቲቭ አስተካክላለሁ። ሥራውን ለማያውቁት ላስረዳ። ኔጋቲቩ ከሥሩ ብርሃን በሚያገኝ ዘንበል ያለ መስታወት ላይ ይቀመጣል። እርሳሱ በብርጭቆ ወረቀት ይሳልና ጫፉ እስኪጠፋ ድረስ ይቀጥናል። በኔጋቲቭ ላይ ዓለም ግልብጥ ነው፤ ነጠላው ጥቁር፣ ፀጉሩ ነጭ፣ የግንባር ሽብሽብ ደግሞ ብርሃን የምታሳልፍ ቀጭን ስንጥቅ ሆና ትታያለች። ስንጥቋን በእርሳስ ነቁጥ ነቁጥ እያደረግሁ ስደፍናት፣ ወረቀቱ ላይ ሲታተም ሽብሽቡ ይለዝባል። መጥቆር ሲገባው ነጥቶ የሚወጣ ነገር ካለ ደግሞ ኔጋቲቩን በምላጭ ፋቅ ማድረግ ነው። እጅ ከበዛ ፊቱ የተላጠ እንቁላል ይሆናል፤ ሰውየው ዓይንና አፍንጫ ብቻ ይዞ ይቀራል። የዛሬው ስልክ ሳይለምኑት ይህንኑ ያደርጋል። እኔ ቢያንስ ተለምኜ ነበር።

ልመናውም ብዙ ነበር። ከደንበኛ አፍ የማይጠፋው «እባክሽ ትንሽ ቀላ አድርጊኝ» የሚለው ነው። ጠይሙም፣ የቀይ ዳማውም፣ ጥቁሩም እኩል ይለምናል። በመልካቸው አፍረው ብቻ አይደለም እንዲህ የሚሉት። ጉርድ ፎቷቸውን ለቀበሌ መታወቂያ ተነስተው ሲያዩት፣ ከመስታወት ከሚያውቁት ፊት በእርግጥም አጥቁሮ ስላወጣቸው ነው። ፊልም ለእኛ ፊት ወዳጅ አልነበረም።

የጥንቱ ፊልም ቀይ ብርሃንን ጭራሽ አያይም ነበር። ቆዳችን ከሚመልሰው ብርሃን ትልቁ ድርሻ ደግሞ ወደ ቀዩ ያደላ ነው። ስለዚህ ጠይም ፊት በዚያ ፊልም ላይ ከልክ በላይ ይጠቁራል። በእኔ ዘመን ከምሥራቅ ጀርመን፣ ከቮልፈን ከተማ ይመጣ የነበረው ኦርዎ ሁሉንም ቀለም የሚያይ ነበርና በዚህ በኩል ነገሩ ተሻሽሏል። የብርሃን መለኪያው ግን ሌላ ጣጣ ነው። መለኪያ የተደቀነበትን ነገር ሁሉ፣ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ነጠላ የተከናነበች ጠይም ሴት ፊቱ ስትቆም የሚያየው ነጠላውን ነው። በዛብኝ ይልና ብርሃን ያስቀንሳል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቷ ጨለማ ውስጥ ይገባል።

ባለቤቱ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። መለኪያውን ፊት አጠገብ አስጠግቶ ይለካል፣ ብርሃኑንም በዚያው ልክ ይጨምራል። እንዲህ የተነሳ ነጠላ በኔጋቲቩ ላይ ድፍን ጥቁር እስኪመስል ድረስ ይወፍራል፤ ነገር ግን አይጠፋም። በአጉሊ መነጽር ሳየው ጥለቱም አለ፣ ድርና ማጉም አለ። ማተሚያው ሥር ፊቱን በእጅ ከልሎ ነጠላው ላይ ብቻ ብርሃን ማፍሰስ ነው፤ ጥለቱ ብቅ ይላል። የፊልም ትልቁ ጸጋው ይህ ነው፤ ደማቁን ነገር አይጥልም። የሚጥለው ጨለማውን ነው። ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ባዶ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል፤ ከባዶ ፕላስቲክ ደግሞ የትኛዋም ሪታች ዓይን አታወጣም።

ዲጂታል የዚህ ተቃራኒ ነው። ነጩ ካመለጠ አመለጠ፤ የተቃጠለን ነጠላ የሚመልስ ፕሮግራም የለም። ጨለማው ግን ሲገልጡት ውስጡ ሰው ይገኝበታል። ስለዚህ የፊልሙ ልማድ መገልበጥ አለበት፦ ለነጠላው ለክቶ ማንሳት፣ ፊቱን በኋላ ከጥላው ማውጣት። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ነጭ ለባሽ ሲተም አንስተው «ዲጂታል ነጭ ልብስ ያቃጥላል» የሚሉኝ በዲጂታሉ ላይ የፊልም ልማድ የሚሠሩ ናቸው። ካሜራው እኮ የተቃጠለውን ቦታ እዚያው ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም እያደረገ ያሳያል። ማየት ነው። ፊልም ይህን የሚነግረን ከታጠበ በኋላ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ታቦቱ መንበሩ ገብቷል።

እዚህ ላይ የፊልም ወዳጆች «ታዲያ ምኑ ተሻለ? አንዱ ነጩን ይጥላል፣ አንዱ ጥቁሩን» ብለው ያቋርጡኛል። እስካሁን ባልሁት ብቻ ቢሆን ልክ ናቸው። ሚዛኑን የሚደፋው ሌላ ነገር ነው።

ዲጂታል ካሜራ የሚያነሳው በቀለም ነው። ጥቁርና ነጭ የሚሆነው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስት ሥዕሎች ተቀይጠው ነው። የአንድ ጠይም ሰው ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና ሦስቱን ለየብቻ እዩዋቸው። በቀዩ ፊቱ ፈክቶ፣ ቆዳው ለስልሶ ይታያል። በአረንጓዴው ቅርፁ አለ፤ ጉንጩ፣ የአፍንጫው ጥላ፣ የከንፈሩ ጠርዝ። በሰማያዊው ግን ፊቱ ጠቁሮ፣ ብጉሩም ማድያቱም ጠባሳውም ተሰልፎ ይወጣል። ያ የጥንቱ ፊልም እኛን ያይ የነበረው ባብዛኛው በዚህ በሦስተኛው ዓይን ነው። አሁን ግን ቅይጡን የምወስነው እኔ ነኝ። ቀዩን ከፍ፣ ሰማያዊውን ዝቅ ሳደርግ ፊቱ ይፈካል፤ ነጠላው ንቅንቅ አይልም። ነጭ ነገር በሦስቱም ሥዕሎች እኩል ስለሆነ፣ ድምሩ እስካልተዛባ ድረስ ቅይጡ ቢለዋወጥ እሱን አይነካውም። ፊቱን ለብቻው፣ ነጠላውን ለብቻው! እርሳስም ምላጭም ሳላነሳ።

በፊልም ይህን ለማድረግ ሌንሱ ላይ ባለቀለም መስታወት መግጠም ያስፈልግ ነበር፤ ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ። ቀዩ ከሚገባው ብርሃን ስምንት እጅ ውስጥ ሰባቱን ያህል ይበላል። ፊቱን ያፈካል፣ እሰየው፤ ከንፈሩንም አብሮ አንጥቶ ሰውየውን ካልጋ የተነሳ በሽተኛ ያስመስለዋል። ሰማዩም ጠቁሮ ሊዘንብ የደረሰ ይመስላል። ከመነሳቱ በፊት ተወስኗልና ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም። ዲጂታሉ ግን ለፊቱ የብርቱካናማውን መስታወት ሥራ፣ ለከንፈሩ ወደ አረንጓዴው ያዘነበለውን፣ ሁሉንም ከአንዲት ፎቶ ይሰጠኛል፤ ሳምንት ቆይቼ ሐሳቤን ብለውጥ እንኳ አይከፋውም። ለእኛ መልክ ከዚህ የበለጠ ነገር በፎቶ ታሪክ አልመጣም ብዬ አምናለሁ። ፊትን ከእውነተኛ መልኩ በላይ ማቅላትን እያመሰገንሁ እንዳይመስላችሁ። ጠይም ጠይም ሆኖ፣ ጥቁርም ጥቁር ሆኖ፣ ግን ዓይኑና አገጩ ሳይጠፋ እንዲወጣ ነው የምለው።

«የዲጂታሉ ጥቁርና ነጭ ሙልጭልጭ ነው፤ ግሬን የለውም» የሚሉም አሉ። ግሬን ፊልሙ ውስጥ ያለው የብር ቅንጣት ተከማችቶ ለዓይን የሚፈጥረው ሻካራነት ነው። እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን በዚህ ክርክር ብራዚላዊውን ሰባስቲያኦ ሳልጋዶን ለምስክርነት እጠራለሁ። በ1977ቱ ረሃብ ኮረም መጠለያ ውስጥ ያነሳቸውን ፎቶዎች ያየ ሰው አይረሳቸውም። ያኔ የሚሠራው በፊልም፣ በዋናነትም በኮዳኩ ትራይኤክስ ነበር። «ጀነሲስ» ያለውን ታላቅ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረውም በፊልም ነው፤ የእኛ የሰሜን ተራሮችም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አሉ። በ2008፣ ሥራው እኩሌታ ላይ ሳለ፣ ወደ ዲጂታል ተሻገረ። ምክንያቱ የጥበብ አልነበረም፤ ፊልሙ በየኤርፖርቱ በኤክስሬይ ሲመላለስ እየተበላሸበት ስላስመረረው ነው። ግን ልማዱን አልተወም። ፎቶዎቹን በስክሪን ሳይሆን እንደ ድሮው በወረቀት ላይ አስደርድሮ ይመርጥ ነበር። በኮምፒውተር የትራይኤክስን ግሬን ይጨምርባቸው ነበር። ከዲጂታሉ ፋይል ኔጋቲቭ አሠርቶ በብር ወረቀት የሚያሳትማቸውም ነበሩ። ከፊልም የመጡትና ከዲጂታል የመጡት ጎን ለጎን ተሰቅለው ዓለምን ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2025 እስኪሞት ድረስም ወደ ፊልም አልተመለሰም። «በዓይኔ እለየዋለሁ» የሚለኝ ልጅ ካለ መጽሐፉን ገልጦ ይለይልኝ፤ ቡናው በእኔ ነው።

የኤክስሬዩ ነገር ለእኛም አገር ልጆች ጣጣ ነው። ፊልሙ የሚመጣው ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በዘመድ ሻንጣ ነው፤ አዲሶቹ የኤርፖርት መፈተሻዎች ደግሞ ከድሮዎቹ ብሰው ፊልም ላይ ጉም ይጥላሉ። ከዚያ ውሃው አለ። ጥሩ የብር ወረቀት ሃይፖው፣ ማለትም ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል፣ ሙልጭ ብሎ እንዲወጣለት በሚፈስ ውሃ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ በሚመጣበት ሰፈር ለእንጀራ የተጠራቀመውን በርሜል ለፎቶ አፍስሱ ብዬ ለማንም አልመክርም። «ፊልም 36 ብቻ ስለሆነ ማስተዋልን ያስተምራል» የሚለውንም ወግ አልቀበለውም። ባለቤታችን ለአንድ ደንበኛ ሁለት ብቻ የሚያነሳው ሲያስተውል አልነበረም፤ ፊልም ውድ ስለነበር ነው።

ስለ ካሜራው እየተነጋገርን አንድ የሚገርመኝን ላንሳ። የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ ጥቁርና ነጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ስቲቨን ሳሰን የሚባል የኮዳክ ወጣት መሐንዲስ ሠራው። 100 በ100፣ ማለትም 10,000 ነጥብ ብቻ ያላት ፎቶ ተነስታ ካሴት ላይ ለመቀዳት 23 ሰከንድ ይፈጅባታል። በዓመቱ ደግሞ እዚያው ኮዳክ ብራይስ ቤየር እያንዳንዷ ነጥብ ላይ ባለቀለም ማጣሪያ የሚደረድርበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። ዛሬ በኪሳችን ያለው ካሜራ ሁሉ የዚያ ልጅ ነው። ላይካ እ.ኤ.አ. በ2012 ማጣሪያውን አንስቶ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያነሳ ካሜራ ሲያወጣ፣ ፔንታክስም በ2023 ሲከተለው፣ ወዳጆቼ «ይኸው ያንቺ ካሜራ መጣ» አሉኝ። የእኔ አይደለም። ጥርት ያለ ነው፣ በጭላንጭል ብርሃን ያነሳል፣ ዋጋው አይጠየቅም። ነገር ግን ማጣሪያውን ሲያነሱት ያንን ያመሰገንሁትን የሦስት ሥዕል ቅይጥ አብረው ነሱኝ፤ እንደገና ቀይ መስታወት ሌንስ ላይ ልገጥም ነው ማለት ነው። ለተራራና ለድንጋይ ይሁን። ለጠይም ፊት ተራው ባለቀለም ካሜራ ይበልጣል።

የዲጂታሉን ወገን የያዝሁ ብመስልም በዲጂታል አንሺዎቻችን ደስተኛ አይደለሁም። ጥቁርና ነጭን የተበላሸ ፎቶ መሸሸጊያ አድርገውታል። የሠርግ አልበም ስትገልጡ ጥቁርና ነጭ የሆኑት የትኞቹ እንደሆኑ ልብ በሉ፤ የአዳራሹ መብራት ሙሽሪትን ቢጫ፣ ሚዜዋን አረንጓዴ ያደረገባቸው ናቸው። ቀለሙ ሲያስቀይም አጥፍተው «አርቲስቲክ ነው» ይሏችኋል። ጥቁርና ነጭ የሚታሰበው ከማንሳት በፊት ነው። ቀይ ቀሚስና አረንጓዴ ግድግዳ በቀለም ይጣላሉ፤ በጥቁርና ነጭ ግን አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሴትዮዋ ግድግዳው ውስጥ ትሰምጣለች። ካሜራው በጥሬ ፋይል እየቀዳ ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል፤ ቀለሙ ከሥር ይቀመጥላችኋል፣ ዓይናችሁ ግን በብርሃንና በጥላ ብቻ ያስባል። ይህን የሚያደርግ አንሺ ስንት አለ? ሠዓሊ የነበረው ሚካኤል ጸጋዬ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ወደ ፎቶ ዞረ። የምትለዋወጠዋን አዲስ አበባ ያነሳባቸውን ጥቁርና ነጭ ሥራዎቹን ሳይ በምን ካሜራ እንደተነሱ መጠየቅ አያምረኝም። አስቦባቸዋል።

ማተሙም ሌላው ሕመም ነው። ዛሬ ጥቁርና ነጭ ፋይል ይዛችሁ ለቀለም ወደተሠራ ማሽን ብትሄዱ፣ ፎቶው አንድ ጊዜ አረንጓዴ፣ አንድ ጊዜ ወይን ጠጅ አጥልቶበት ይወጣል። አንድ ቦታ «ምን ችግር አለው፣ ጥቁርና ነጭ አይደል?» ተብያለሁ። ግራጫ ቀለሞችን ለብቻ የያዘ ማተሚያ ያለበትን ቤት ጠይቃችሁ አግኙ፤ ከትልቁ በፊትም ትንሽ ቁራጭ አሳትማችሁ በመስኮት ብርሃን እዩ።

ፊልም ጥርት አድርጎ የሚያሸንፍበት አንድ ሜዳ አለ፤ እሱም ከተነሳ በኋላ ያለው ዘመን ነው። ኔጋቲቭ ቸልታን ይችላል። አልጋ ሥር በካርቶን ተወርውሮ ዐርባ ዓመት ቆይቶ፣ መስኮት ላይ ሲያዩት አክስት ትገኝበታለች። ዲጂታል ፋይል ቸልታን አይችልም። ስልክ ሲሰረቅ ሠርግ አብሮ ይሰረቃል፤ ሃርድ ዲስክ ሲሞት ሳያስነጥስ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» መጽሐፍ ከየቤተሰቡ አልበም በተሰበሰቡ ፎቶዎች ሊሠራ የቻለው ወረቀቱ ስለኖረ ነው። ከዐርባ ዓመት በኋላ የዛሬዋን አዲስ አበባ እንዲያ የሚሰበስብ ሰው ከየት ያመጣታል?

ኔጋቲቭም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። የፎቶ ቤቶቻችን ታሪክ ረጅም ነው። ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ያነሳው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ሙያውን የወረሱት ልጆቹ፣ ከእነሱ እጅ የተማሩት፣ ከዚያም በየአውራጃው የተከፈቱት። ባለቤቱ ሲሞት፣ ሱቁ ሲሸጥ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ግን ካሜራውን የሚፈልግ አይጠፋም፤ የኔጋቲቩን ሣጥን ነው ማንም የማይጠይቀው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ እኔ ያሰብሁት ስለ ቤቶቹ አልነበረም፤ በየጓዳው ስለነበሩት ሣጥኖች ነው። የተረፈውም እየተጎዳ ነው። ካርቶኑን ስትከፍቱ አቸቶ አቸቶ ከሸተታችሁ ፕላስቲኩ መበስበስ ጀምሯል፤ አጠገቡ ያለውንም ያስይዘዋል፤ ለዩት።

ስለዚህ ዜኒት ይዘው ለሚመጡት ልጆች ቅር ሲላቸው የምሰጣቸው ሥራ አለኝ። ፊልም የምትወዱ ከሆነ የተነሳውን አድኑ፤ ለዚህ ደግሞ ያ የናቃችሁት ዲጂታል ካሜራ ይበቃል። ኔጋቲቩን በጠርዙ ያዙ፤ ጣት ፊት ላይ አይረፍ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፣ በውሃ አትንኩት። ነጭ ያበራ ታብሌት ላይ፣ ነገር ግን የስክሪኑ ነጥቦች እንዳይታዩ በመስታወት ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉት። የክፍሉን መብራት አጥፉ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ከላይ አንሱት፣ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡት። ሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ ሁለተኛው ቦታ ሌላ ቤት ይሁን። ከዚያ በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎች ሳሉ አሳትማችሁ ይዛችሁላቸው ሂዱና ማን ማን እንደሆነ ጠይቁ። ስሙን ፎቶው ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፉት። እስክሪብቶ አይሆንም፤ የዛሬው ወረቀት ፕላስቲክ የተቀባ ስለሆነ ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም፣ ከላዩ በሚደረበው ፎቶ ፊት ላይ ይታተማል።